እማማ ጎማ በረዳት

«በረደኝ፣ ልጄ» እላለሁ ማይክሮፎኑን ተጭኜ፣ የአሮጊት ድምፅ እያወጣሁ።

ከመስታወቱ ወዲያ አልጋው ላይ የተኛችው አሻንጉሊት ከንፈሯን አታንቀሳቅስም፤ ድምፄ ግን ከደረቷ ይወጣል። የነርስነት ተማሪዎቼ «እማማ ጎማ» ይሏታል። ትተነፍሳለች፣ ልቧ ይመታል፣ ፕሮግራሙ ካዘዛት ትደማለች፣ ሲብስም ትሞታለች። ዛሬ ከቀዶ ሕክምና የወጣች በሽተኛ ናት፤ ብርድ ልብሱ ሥር ቁስሏ መድማት ጀምሯል። ተፈታኟ በጊዜ ካልደረሰችበት ትወድቃለች።

ተፈታኟ ደግሞ ጓደኞቿ «ቀስ በቀስ» የሚሏት ረጅሟ ልጅ ናት። ባለፈው ዘግይታ ወድቃለች። ዛሬ ከደገመችው ትሰናበታለች፤ የአራት ዓመት ልፋቷን ውሃ በላው ማለት ነው። መስታወቱ ከእሷ በኩል አያሳይም፤ እዚህ ተቀምጠን እንደምናያት ታውቃለች፣ እኛን ግን አታየንም።

«ኧረ ጉድ ፈላ!» ይላል አጠገቤ ያለው ቴክኒሻን፣ ቁልፎቹን እየቀጠቀጠ።

«ምን ሆንክ?»

«የግድግዳው ሞኒተር ደርቋል። እማማ ደሟ እየፈሰሰ ነው፣ እሱ ግን ደህና ናት እያለ ነው።»

ብድግ ብዬ አያለሁ። እኔ ፊት ያለው ስክሪን ላይ የደም ግፊቷ እየወረደ ነው። ልጅቷ ፊት ያለው ሞኒተር ላይ ቁጥሮቹ ሁሉ አረንጓዴ ናቸው፣ ንቅንቅ አላሉም።

«አቁመው!»

«ላቁመው? የተቋረጠ ፈተና እንደ ወደቀ ነው የሚቆጠረው። ሕጉን ያወጣሽው አንቺ ነሽ።»

እውነቱን ነው። ሲከብዳቸው ራሴን አዞረኝ እያሉ የሚወጡት በዝተው ነበር።

«ከቀጠለችስ?»

«ማርክ የሚሰጠው ያው ሞኒተሩ ነው። ማስጠንቀቂያው ከጮኸ በኋላ የሠራችውን ብቻ ይመዘግባል። አሁን ደግሞ አይጮህም።»

«ማርኩን በእጅ አስተካክልላታለሁ።»

«በእጅ የሚገባበትን ማን አዘጋው?» ይለኛል። ለማሾፍ እንኳ ጉልበት የለውም፤ እሱም ፈርቷል።

እኔ ነኝ ያዘጋሁት። ዲኑ በሰበሰበን ቀን ጠረጴዛ እየደበደብኩ «ሰው ያዳላል፣ ማሽን አያዳላም» ብዬ አስጨበጨብኩ። ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው!

ጣቴ ማይክሮፎኑ ላይ ነው። «ደማሁ» ብላት ቢያንስ ቁስሉን ታየው ይሆናል። ግን ነገ እውነተኛ አልጋ አጠገብ ስትቆም ማን ይነግራታል? ቴክኒሻኑ ዐይኑን ከጣቴ ላይ አላነሳም። የተፈቀደልኝን ብቻ እደግማለሁ።

«በረደኝ፣ ልጄ።»

ጠዋት የተፈተነችው ጎበዟ ልጅ ይህን ስትሰማ ብርድ ልብስ ደረበችላትና ዐይኗን ሞኒተሩ ላይ ተክላ ቆመች። ሲጮህላት ሁሉንም በተርታ ሠራችው፣ መቶ ከመቶ። የእማማን ፊት አንዴም አላየችም። እኔም እሰይ የኔ ልጅ ብያለሁ።

«ቀስ በቀስ» ግን ሞኒተሩን ታያለች። አረንጓዴ ነው። ትከሻዋ እፎይ ብሎ ይወርዳል።

«አይዞዎት እማማ፣ ደህና ነዎት» ብላ ወደ በሩ ትዞራለች።

አለቀላት በቃ።

በሩ ጋ ደርሳ ዘወር ትላለች። የእማማ እጅ ከአልጋው ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ልታስገባላት ተመልሳ ትይዘዋለች፣ ይዛም ትቀራለች። ጣቶቿን የእማማ እጅ አንጓ ላይ ታሳርፋለች። ሞኒተሩን ታያለች፣ እጁን ታያለች፣ እንደገና ሞኒተሩን።

«ቶሎ በይ» እላለሁ ማይክሮፎኑን ዘግቼ፣ «ቶሎ በይ፣ የኔ እናት!»

እሷ እቴ! የልብ ምቷን ልትቆጥር ጎንበስ ትላለች። ቆጥራ ስትጨርስ ፊቷ ተለውጧል።

«እማማ፣ ያ ነገር ደህና ናቸው ይላል» ትላለች ግድግዳውን በአገጯ እያሳየች። «እጅዎ ግን እንደዛ አይልም።»

ብርድ ልብሱን ትገፍፈዋለች። ፋሻው ቀይ ሆኗል። ሁለት እጇን ቁስሉ ላይ ጭና ትጮሃለች።

«ሰው! ሰው ጥሩልኝ፣ እየደሙ ነው!»

አራት ዓመት ሳስተምራት ይህን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም።

«ይኸው! ይኸው!» ብዬ የቴክኒሻኑን ትከሻ እመታለሁ። እሱ ግን በጣቱ ስክሪኑን ያሳየኛል። የፈተናው ማብቂያ ደወል ጮኋል፣ ሰዓቱ አልቋል። ቁስል አልታየም ይላል። እርዳታ አልተጠራም። ወድቃለች። ከታች የፈተናው አዘጋጅ ተብሎ የእኔ ስም አለ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

«ዲኑን ጥራልኝ።»

«ምን ልበለው?»

«ፈተናው ልክ አይደለም በለው። ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ መጥቶ በዐይኑ ይይ። እስኪመጣ ምንም ነገር እንዳትነካ።»

ጓንት እያጠለቅኩ በሩን ከፍቼ እገባለሁ። «ቀስ በቀስ» እንደተጫነች ናት። ላቧ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ደወሉ እኮ ጮኋል» እላታለሁ።

«ሰምቻለሁ ቲቸር። ብለቀው ግን ይፈሳል። የሚረከበኝ ሰው አልመጣም።»

አለፍኩ ወይስ ወደቅኩ ብላ አትጠይቀኝም። እጄን ከእጇ ሥር አስገብቼ ቁስሉ ላይ እጫናለሁ።

«ይዤዋለሁ።»

ወዲያው አትለቅልኝም። መጀመሪያ እጄን ከላይ ጫን ጫን አድርጋ ትፈትሸዋለች፤ ከዚያ ጣቶቿን አንድ በአንድ ታነሳለች።