አጎቴ ትንፋሼን ሲቆጥር

ራሴን ከውሃ ባወጣሁ ቁጥር የአጎቴ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል።

"አራት!"

እጠልቃለሁ፣ እወጣለሁ።

"አምስት! ኧረ ጉድ ነው! አንቺ ልጅ፣ ልትዋኚ ነው የመጣሽው ወይስ ልትታጠቢ?"

የሚቆጥረው ትንፋሼን ነው። አጎቴ ኤሌውቴሪዮ ሉል ጠላቂ ነው፤ ዘመዱን ሁሉ የጭነት መኪናው ላይ አሳፍሮ ከመንደራችን ከሁዋን ግሪዬጎ እዚህ የዋና ውድድር ድረስ ያመጣው እኔን ሊያይ ነው። በእኛ ቤት ከረጢቱ ሳይሞላ ከባሕር ብቅ ያለ ሰው ማታ የሚደርሰው የዓሣ ጅራት ነው። ስለ ዋና የሚያውቀውም ይህንኑ ብቻ ነው።

"አንደኛ ወይ ሁለተኛ ከወጣሽ ኩማና ያለው የስፖርት አዳሪ ትምህርት ቤት ትገቢያለሽ፤ ካልሆነ ከሰኞ ጀምሮ ጀልባዬ ላይ ዛጎል ትፈለፍያለሽ" ብሎኛል። ቃሉን አያጥፍም። ያለችው መልካም ጠባይ እሷ ብቻ ናት።

ውድድሬ አራት ዓይነት ዋና ነው፤ ሃምሳ ሃምሳ ሜትር ቢራቢሮ፣ ጀርባ፣ ደረትና ነፃ ቀዘፋ። ባለፈው ወር፣ በመጀመሪያ ውድድሬ፣ ሃምሳውን ሜትር ቢራቢሮ አንዴም ሳልተነፍስ ጨረስኩት። የደረት ዋናው ላይ ዓይኔ ጨለመና ጎትተው አወጡኝ። ለአጎቴ ግን ያ ድል ነበር፤ መንደሩን እየዞረ አወራልኝ። ከሱ የባስኩት ሞኝ ደግሞ እኔ ነበርኩ፤ ደስ ብሎኝ ሰማሁት።

ዛሬ በየቀዘፋው እተነፍሳለሁ። አሰልጣኜ ኔሬይዳ "ቢራቢሮው ላይ የቀደመሽን ሁሉ አሳልፊ፤ በኋላ ትደርሺበታለሽ" ብላኛለች። ከስምንታችን ስድስተኛ ሆኜ ግድግዳውን እነካለሁ። ኦርያና የምትባለው ጉረኛ ውሃውን እየደበደበች አንደኛ ሆና ዞራለች። ትሂድ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።

የጀርባ ዋናው ላይ ፊቴ ወደ ሰማይ ስለሆነ አጎቴ የሚቆጥረው አጥቶ ዝም ይላል፤ ተመስገን። በአንዱ ክንድ አየር አስገባለሁ፣ በሌላው አስወጣለሁ። ሁለቱን አልፌ አራተኛ እሆናለሁ።

የደረት ዋናው ሲጀመር ግን ያው ነው።

"ሠላሳ ስምንት! ሠላሳ ዘጠኝ! ዓሣ ነባሪ እንኳን እንዲህ አይተነፍስም!"

ዘመዶቼ ከት ብለው ይስቃሉ። አንዳቸውም ማን ወደ ኋላ እንደቀረ አያዩም። ኦርያና አፏን ከፍታ ባለችበት ቦታ ትንፈራገጣለች፤ ጉራው ሁሉ ሃምሳ ሜትር ነበር። አልፋታለሁ። አሁን ሦስተኛ ነኝ።

ነፃ ቀዘፋው ላይ የምተነፍሰው በቀኝ ነው፤ ተመልካቹም በቀኝ ነው። ስተነፍስ አጎቴ ቆሞ መጠጥ ያመጣበትን የበረዶ ሳጥን ያነሳል። ስተነፍስ ሁሉም ተከትለውት ደረጃውን ይወርዳሉ። ስተነፍስ በሩ ጋ ጀርባቸው ይታያል። እስኪያልቅ መጠበቅ እንኳ አቃታቸው! ንዴቱ እግሬ ውስጥ ይገባል፤ ጉልበት ደግሞ ገና አለኝ፤ በቁጠባ ነው የመጣሁት። ከፊቴ ካለችው ልጅ ትከሻ፣ ከዚያ ከጆሮዋ ጋር እስተካከላለሁ። የመጨረሻዎቹን አምስት ሜትሮች ሳልተነፍስ እጨርሳለሁ። ያን ጊዜ የሚቆጥር የለም።

"ሁለተኛ!" ኔሬይዳ የገንዳው ዳር ላይ ትዘላለች። "ሁለተኛ ወጣሽ እኮ፣ ማይሪን! ሩጪ፣ ሳይሄዱ ንገሪያቸው!"

ከአጥሩ ውጭ የጭነት መኪናው ጡሩምባ ይጮኻል። አጎቴ ነው፤ ነይ ውጪ፣ አሳፋሪ ማለቱ ነው። በሽቦው በኩል አያቸዋለሁ፤ ጥላ የሚባል በሌለበት፣ በቀትር ፀሐይ፣ መኪናው ላይ ተደርድረው ፊታቸውን በእጃቸው ይከልላሉ።

"አትሰሚም እንዴ? እየጠሩሽ ነው!" ትላለች ኔሬይዳ።

"እሰማለሁ። ይጠብቁ።"

ጡሩምባው እንደገና ይጮኻል። ክንዶቼን ዘርግቼ ውሃው ላይ እተኛለሁ። ቀስ ብዬ አየር እስባለሁ፤ ቀስ ብዬ እለቃለሁ።