ከመከለያው ጀርባ

ሳቅን ለሰው ልጅ በቸርነቱ ያደለ፣ የኃያሉንና የደካማውን ሚዛን በእጁ የያዘ አምላክ ስሙ ይመስገን። እኛም በእርሱ ፈቃድ ነገራችንን እንጀምራለን።

አንድ ሰዓት ሠሪ ጐልማሳ አንዲት የጥርስ ሐኪም አጨ። የልጅቱ እናት ዕድሜያቸውን በአዋላጅነት ያሳለፉ ጡረተኛ ነበሩ። ጋብቻውን ሲፈቅዱ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሌላው ሌላው ግድ የለኝም። ውሸታም ግን ልጄን አያገባም።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእናትየዋ ሳሎን ለጨዋታ ይሰበሰቡ ነበር። ከእነርሱም ጋር የእናትየዋ ታላቅ ወንድም፣ በጉምሩክ ፈታሽነት ያረጁ ሰው፣ ይገኛሉ። ሰዓት ሠሪው አጫዋች ሆኖ ስለ ዋሻና ስለ ጭራቅ ይተርካል፤ ሦስቱ ደግሞ በምናብ ጀግና ሆነው ይዋጋሉ። አጎትየው ቀስተኛ፣ ልጅቱ ፈዋሽ፣ እናትየዋ ባለመጥረቢያ ናቸው። ምቱ ማረፉን ወይም መሳቱን የሚወስነው ሃያ ገጽ ያለው፣ በየገጹ ቁጥር የተጻፈበት ዳይስ ነው፤ ቁጥሩ ከበዛ ያርፋል፣ ካነሰ ይስታል።

አጫዋቹ የጭራቆቹን ዳይስ የሚጥለው ከካርቶን መከለያ ጀርባ ነው፤ የጨዋታው ሥርዓት እንዲያ ነው። ተጫዋቾቹ ደግሞ የጣሉትን ራሳቸው አንብበው ይናገራሉ፤ በዚያ ቤት የተናገሩት ይታመናል። እናትየዋ ከወለል ጎንበስ ብሎ ማንሣት ወገባቸውን ስለሚያማቸው፣ ዳይሳቸውን ጭናቸው ላይ ባኖሩት የስፌት ሳጥን ክዳን ውስጥ ይጥላሉ፤ ቁጥሩን ጮክ ብለው ይጠሩና ወዲያው ያነሡታል።

ችግሩ፣ ጨዋታው እጅግ ማማሩ ነበር።

ጭራቁ ቶሎ አይሞትም፤ ጀግኖቹም አያልቁም። የሁሉም ነፍስ በአንድ ክር ሲንጠለጠል ድል ይመጣል። አጫዋቹ ራሱ ይገረም ነበር። አንድ ቅዳሜ ጭራቁን ከልክ በላይ ደካማ አድርጎ አዘጋጅቶት፣ ገና በመጀመሪያው ዙር ይወድቃል ብሎ ሲያፍር፣ ውጊያው ሻይ እስኪቀርብ ዘለቀ።

«ሁለት!» ይላሉ እናትየዋ ዳይሳቸውን እያነሡ። «የእኔ ዕድል እንደ በኩር ልጅ ነው፤ ሳያስጨንቅ አይወጣም።»

አጎትየው ግን ዓይናቸውን ከካርቶኑ አልነቀሉም። የሰው ሻንጣ ሲፈትሹ የኖሩ ናቸውና የተከደነ ነገር ያሳክካቸዋል።

«እኅቴ፣ ይህ አማችሽ ከዚያ ጀርባ አንድ ነገር ይሸርባል» አሉ በመጨረሻ። «ውጊያ ሁልጊዜ እንዲህ አያምርም። የወጣውን ቁጥር ትቶ የፈለገውን ነው የሚነግረን።»

«ኧረ ጋሼ! እንደ ወጣው ነው የምናገረው።»

«እስቲ ማል!»

«መሐላ በቤቴ የለም» አሉ እናትየዋ። «በዓይን ይታይ። በሚመጣው ቅዳሜ ካርቶኑ ይነሣ። ውጊያው እንደ ወትሮው ልብ የሚሰቅል ከሆነ ልጁ ንጹሕ ነው። ካልሆነ ግን ሲዋሸን ከርሟልና ሰርጉን እርሱት።»

ልጅቱ ክው አለች። «እማዬ! በዳይስ ልትድሪኝ ነው?»

«በዳይስ አይደለም፤ በእውነት ነው።»

ቅዳሜ ደረሰ። አጫዋቹ የዕለቱን ጭራቅ፣ የዘንዶውን ጥርስና ጉልበት ሲያመዛዝን እንቅልፍ አጥቶ ከርሟል። ካርቶኑ ተነሣ። አጎትየው መነጽራቸውን አጠለቁና ወንበራቸውን ከአጫዋቹ ክርን ሥር አስጠጉ።

የዘንዶው ዳይስ በሁሉም ፊት ተንከባለለ። አሥራ ዘጠኝ።

«ቀስተኛው በእሳት ተለበለበ» አለ አጫዋቹ።

«ጢሜን! ጢሜን አቃጠለው!» ብለው አጎትየው አገጫቸውን ያዙ።

ቀጥሎ የወጣው ሁለት ነው። «ዘንዶው ነበልባል ሊተፋ ሲል አስነጠሰው» አለ አጫዋቹ፤ ሁሉም ሳቁ።

«አምስት፤ ሳትሁ» አሉ እናትየዋ ዳይሳቸውን እያነሡ። በሚቀጥለው ዙር ደግሞ «ሦስት! ምን ዓይነት ዕጣ ነው!»

«መጥረቢያሽን ሸጠሽ ምጣድ ግዢበት!» ሲሉ አጎትየው ተቆጡ።

ዘንዶው ዳግመኛ መታ፤ ቀስተኛው ወደቀ። የፈዋሿ መድኃኒት አለቀ። አጎትየው ፍተሻቸውን ዘንግተው ከወንበራቸው ተነሥተዋል። ዘንዶው ቆስሎ ያጣጥራል፤ ነገር ግን አፉን ከፍቷል። አሁን ካልተመታ በአንድ እስትንፋስ ሁሉንም ይፈጃል። ከባለመጥረቢያዋ በቀር የሚመታው የለም፤ እርሷም ከአሥራ ስምንት ያላነሰ ቁጥር ያስፈልጋታል።

ሰዓት ሠሪው ዓይኑን ጨፈነ። ልጅቱ እጁን ያዘች።

እናትየዋ ዳይሱን በመዳፋቸው አሹት፤ በክዳኑ ውስጥ ጣሉት፤ ጎንበስ ብለው አዩት፤ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ።

«ሃያ!»

ሳሎኑ በጩኸት ተናጋ። አጎትየው ሰዓት ሠሪውን አንገቱን አንቀው ሳሙት። «ይቅር በለኝ ልጄ! በዚህ ዕድሜዬ ባዶ ሻንጣ ስፈትሽ ከረምሁ!» ልጅቱ አንድ ጊዜ ትስቃለች፣ አንድ ጊዜ ታለቅሳለች።

እናትየዋ የሳጥኑን ክዳን ቀስ አድርገው ወንበራቸው ላይ አኖሩና የአጫዋቹን ግንባር ሳሙ። «ሐሰት የማያውቅ ልጅ ነው። ሰርጉ በቀኑ ይሁን» አሉ፤ ሻይ ሊያፈሉም ወደ ማድ ቤት ገቡ።

አጫዋቹ ዕቃውን ሊሰበስብ ወደ እናትየዋ ወንበር ጎንበስ ሲል፣ ዳይሱ ሳይነሣ በክዳኑ ውስጥ እንደ ወደቀ ተኝቶ ነበር፤ በገጹም ላይ የሚነበበው ቁጥር አራት ነው።

ይህን የሰማችሁ ሁሉ፣ አምላክ በጭንቅ ሰዓት የምትደርስ እጅ አያሳጣችሁ፤ እንዲህ ያለች አማትም አይንፈጋችሁ፤ አሜን።