የሟቾቹ ጠረጴዛ

አብረውት ሁለተኛ ደረጃ የተማሩት ሰዎች ከስንት ዘመን በኋላ ወደተሰባሰቡበት አዳራሽ ሽማግሌው አፍንጫውን እንደነፋ ገባ። ሒሳብ ከእሱ ይኮርጅ የነበረው ሽፈራው ከዘራውን ተደግፎ ዛሬም ያለ ቁም ነገር ይገለፍጣል። የክፍሉ ቆንጆ የነበረችው ትርፌ ጥርሷ ረግፎ ኬኳን ሻይ ውስጥ እየነከረች ትውጣለች።

«ከእነዚህ ጋር ነው የተማርኩት?» አለ በሆዱ። የአንዳቸውንም ለቅሶ ደርሶ አያውቅም። ዛሬም የመጣው ማን ምን ያህል እንደወደቀ ሊያይ ነው።

ማንም አላወቀውም፤ የአንዷ ባል መስሏቸው ጥግ አስቀመጡት።

ሽፈራው የሞቱ ጓደኞቻቸውን ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ደረደረ። አንድ አንድ ሰው እየተነሳ የሟቹን ደግነት እያወራ ሻማ ያበራለታል። መጨረሻ ላይ የቀረው ፎቶ የራሱ የሽማግሌው ነበር።

«ይሄኛው መሞቱን በምን አወቃችሁ?» አለ ደንግጦ።

«ይህን ሁሉ ዓመት አንድም ለቅሶ ላይ አልታየማ!» አለች ትርፌ። «በሕይወት ያለ ሰው መቼም ለቅሶ አይቀርም።»

ስለ እሱ ለመናገር የሚነሳ ጠፋ። ሽፈራው ዙሪያውን አየና ሻማውን ከነክብሪቱ ለሽማግሌው ዘረጋለት።

«እስቲ እርስዎ ያብሩለት ጌታዬ፤ የእኛስ እጅ አልታዘዝ አለ።»