አቶ አምባው ከቴሌቪዥን ለምን ተባረሩ?

«ሰርቀው ነው አሉ የተባረሩት…»

«እኔስ ከአለቃቸው ተጣልተው ነው ሲባል ነው የሰማሁት።»

በ1960 ዓ.ም. አቶ አምባው አሰበ ተፈሪ ላይ ከአውቶቡስ ሲወርዱ ሰው እንዲህ እያለ ይንሾካሾክ ነበር… የዛሬዋ ጭሮ ማለቴ ነው።

የተቀበላቸው ሰው አልነበረም።

ድሮ እዚያው አካባቢ ሂርና አስተማሪ ነበሩ። ከዚያ አዲስ አበባ ሄደው ሬዲዮ ገቡ። በ1957 ቴሌቪዥን ሲጀመር ደግሞ የፕሮግራም ኃላፊ ሆኑ።

ያኔ የአሰበ ተፈሪ ሰው በሙሉ «የእኛ ልጅ» ይላቸው ነበር… ቴሌቪዥን የሚባለውን ነገር ግን አንድም ሰው አይቶት አያውቅም። ሥርጭቱ ከአዲስ አበባ አይወጣም።

አሁን እህታቸው ዓለምሸት ቤት ገቡ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ራፖር ጸሐፊ ሆኑ… የሰው ማመልከቻ እየጻፉ መኖር።

ዓለምሸት ሐሜቱን ስትሰማ ከረመች። አንድ ቀን አልቻለችም።

«ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ… ሰርቀህ ነው?»

«አልሰረቅኩም።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም?»

«ደክሞኛል ዓለምሸት… ተይኝ።»

ሁለት ዓመት አለፈ።

አንድ ቀን ዓለምሸት ምሳቸውን ይዛ ስትሄድ፣ በክሪ የሚባል የአሰቦት ክሊኒክ ድሬሰር ማመልከቻ ሊያጽፍ መጥቶ ወንድሟ ፊት ቆሟል። ትክ ብሎ ያያቸዋል።

«ወላሂ… እርስዎ የቴሌቪዥኑ ጌታዬ አይደሉም? እዚህ ምን ይሠራሉ?»

አቶ አምባው አንገታቸውን ደፉ።

«ወንድሜን ያውቁታል እንዴ?» አለች ዓለምሸት።

በክሪ ነገራት።

በ1959 አሰቦት ቆላው ላይ ወባ ገባ። ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። በክሪ ኪኒን ሲያልቅበት በባቡር አዲስ አበባ ሄዶ ቢሮ ለቢሮ ተንከራተተ። መልሱ «ነገ ና» ብቻ ሆነ። በመጨረሻ የአገሩ ሰው ናቸው ሲባል አቶ አምባው ጋ ሄደ።

«እሳቸውም መጀመሪያ እንዲህ ያለ ነገር ያለ ፈቃድ አይተላለፍም አሉኝ። በሩ ላይ ቁጭ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ወጥተው ስንት ልጅ ሞተ አሉኝ። መቁጠር ትቻለሁ አልኳቸው። እጄን ይዘው አስገብተው ካሜራው ፊት አስቀመጡኝ… አማርኛዬ ከኦሮምኛ እየተደባለቀብኝ፣ እንደመጣልህ ተናገር አሉኝ።»

በሳምንቱ ኪኒን የጫነ መኪና አሰቦት ደረሰ።

«ከዚያ በኋላ ምን እንደሆኑ አልሰማሁም» አለ በክሪ።

«አንተ በቴሌቪዥን በታየህበት ማግስት አባረሩኝ» አሉ አቶ አምባው። ይህን ለሰው ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

በክሪ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ለእኔ እንኳ አትነግረኝም ጋሼ?» ዓለምሸት አለቀሰች።

«ፕሮግራሙን እዚህ ማን አየው? ሌባም እኮ አልሰረቅኩም ነው የሚለው… ደግሞ ሁለት ቀን በር ላይ አስቀምጬዋለሁ። በሁለት ቀን ስንት ሰው ይሞታል? በምን አፌ ልኩራራ?»

ከዚያ ወደ በክሪ ዞሩ።

«ለምን ነበር የመጣኸው?»

«ዘንድሮም ኪኒን አልቋል ጌታዬ።»

አቶ አምባው ወረቀት አወጡና መጻፍ ጀመሩ።

ወዳጆቼ… ዝም ያለ ሰው ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። አንዳንዱን ከወንበሩ ያወረደው የሠራው በጎ ነገር ነው። ለራሱ የሚሟገትበት ጉልበት ስላጣ ብቻ ስሙ ጠፍቶ ይኖራል።

በሰፈራችሁ ሁሉም የሚያማው፣ ግን ማንም ቀርቦ «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ያልጠየቀው ሰው አለ? ስሙን ሳትጠሩ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ…