ሣጥኑ ሳይናገር አይከፈትም

የዘውድነሽ ቅባት ከመጣ ወር አልፎታል፤ አንድም ቀን አልነካችውም። መድኃኒት በእጅ መቀበል ከቀረ ወዲህ ሁሉም የሚላከው ሳሎን ግድግዳ ላይ ወዳለው ሣጥን ነው። ሣጥኑ ደግሞ ሰው የሌላውን መድኃኒት እንዳይወስድ በሚል፣ የማን እንደሆነና ለምን እንደሚጠቅም ጮክ ብሎ ሳይናገር አይከፈትም። ከሥሩ ሶፋው ላይ አማቷ እማማ ስህን ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ይውላሉ።

ሐኪሟ፣ «ካረጡ በኋላ የሚመጣ ድርቀት ነው፤ ይህን የሆርሞን ቅባት ወደ ውስጥ ሲቀቡት በግንኙነት ጊዜ የሚሰማዎት ሕመም ይቀንሳል» ብላት ነበር። ዘውድነሽ ግን ሕመሙን የሸሸችው በጾም ነው። ባሏን አጥናፉን ለመራቅ ስትል፣ በዕድሜዋ ጾማው የማታውቀውን ጽጌን ያዘች።

ዛሬ ጽጌ ተፈታ። አጥናፉ ጢሙን ተላጭቶ፣ እንቁላል ገዝቶ ገባ። ዘውድነሽም እንደምንም ጨክና እጇን ወደ ሣጥኑ ሰደደች።

«የወይዘሮ ዘውድነሽ ቅባት። ጥቅሙ...» ብሎ ሣጥኑ ጮክ ብሎ ጀመረ።

እጇን ሰበሰበች። ሣጥኑም ዝም አለ።

«ለምንሽ ነው ልጄ?» አሉ እማማ ስህን።

«ለጉልበቴ ነው፣ እማማ።»

ወጥ ቤት ገብታ ለአጥናፉ፣ «የነቢያትን ጾም ከዛሬ ልጀምር ብዬ ነው» አለችው።

አጥናፉ እንቁላሉን ትኩር ብሎ አየ። «የበደልኩሽ ነገር ካለ ንገሪኝ።»

አፏን ከፈተች። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሳሎኑ ጸጥ ብሏል።

«ምንም የለም።»

«እንግዲያው እኔም አብሬሽ እጾማለሁ» አለና እንቁላሉን ለጎረቤት ሊሰጥ ይዞ ወጣ።

«ተባረኩ» አሉ እማማ ስህን ከሶፋው ላይ። «ትዳር እንዲህ ሲተሳሰቡ ነው የሚያምረው።»