በሸራው ዳር የዋለ ወንፈል

በሰባ ስድስት ዝናብ ጠፋ። በሰባ ሰባት ለዘር የተቀመጠው ገብስ ተበላ። መጀመሪያ በሬው ወደቀ፣ ቀጥሎ በጉ፣ ከዚያ ሰው። የጊች ሰው ተራራውን ወርዶ ደባርቅ ዳር በድንኳን ሰፈረ። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ሰማዩ የከለከለውን ሁሉ ባንዴ ሊያወርድ ተነሣ። ዛሬ በረዶ ነው።

ሽማግሌው ላቀው በረዶው ሳያባራ ከድንኳኑ ወጥቶ ወደ ገንዳው ሮጠ። ገንዳው መሬት ተቆፍሮ ፕላስቲክ ተነጥፎበት የተሠራ የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ላዩን ትልቅ ሸራ ይሸፍነዋል፤ የሸራውን ጠርዝ ዙሪያውን ድንጋይ ይዞታል። ሸራው መሐል ላይ የሚጠራቀመውን ዝናብ በጄኔሬተር የምትሠራ አንዲት ትንሽ ፓምፕ እየመጠጠች ወደ ቦዩ ትደፋዋለች። ውሃ ሲበዛ ራሷ ትነሣለች፤ ሲያልቅ ራሷ ዝም ትላለች።

አሁን ግን ውሃው በዝቶ እሷ ዝም ብላለች። ከሰፈሩ የወረደው ጎርፍም ገብቶበት ሸራው ወደ ታች ረግቧል። ጠርዙ ከተንሸራተተ ይህ ሁሉ ቆሻሻ ከንጹሑ ውሃ ጋር ይደባለቃል። የላቀው ሚስት ጥሩዬ በሕክምናው ድንኳን ተኝታ የምትጠጣው ከዚህ ነው። ተቅማጡ የተዋት ገና ትናንት ነው።

ላቀው ቁምጣውን ሰብስቦ እግሩን ወደ ሸራው ሲያነሣ ከኋላው ኮቱን ያዙት።

«ወዴት ነው? መስመጥ ነው ያማረህ ወይስ መቃጠል?» አለው የገንዳው ጠባቂ፣ እንደሱው ሽማግሌ የሆነው ያርጋል።

«ፓምፗ ሞታለች እኮ! ልቀስቅሳት!»

«አልሞተችም። ዝም ብላ ቆይታ እጅህ ላይ ብትነሣስ? መጀመሪያ ጄኔሬተሩ።»

ያርጋል ጄኔሬተሩን አጠፋ። እጁን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ ሶኬቱን ነቀለና ሽቦውን ከምሰሶው ላይ ሰቀለው።

ነርሷ ደብሪቱ ከሕክምናው ድንኳን ብቅ አለች። «አያ ያርጋል! ፍሪጁን አጠፉብኝ! መድኃኒቱ ሊሞቅ ነው!»

«አትክፈቺው እንጂ አይሞቅም! በዚህ በረዶ እኔስ መች ሞቀኝ?»

ሁለቱ ሽማግሎች ፓምፗ የታሰረችበትን ገመድ ይዘው ወደ ዳር ጎተቷት። ከእሷ ጋር አንድ የራሰ ደበሎ ተጎትቶ መጣ። የበጉ ጠጉር በመምጠጫዋ ወንፊት ገብቶ ተጠምጥሟል።

ላቀው ደበሎውን አየ። ቀጥሎ የያርጋልን ትከሻ አየ። ባዶ ነው።

«አንተ ነህ ያለበስካት?»

ያርጋል ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ። «በረዶው ሲቀጠቅጣት ጊዜ… ትንሽ ናት።»

«ብረት እኮ ናት፣ ሰውዬ!»

«ብረት መሆኗን አጥቼው ነው? ገና የተወለደ ጥጃ በረዶ ሲመታው ዝም ብለህ ታያለህ?»

«ጥጃ ብትሆንማ እስካሁን በልተናት ነበር።»

ያርጋል ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፓምፗን በጭኖቹ መካከል ይዞ ጠጉሩን ይለቅም ጀመር። ጣቶቹ በብርድ ደርቀው አልታዘዝ አሉት። ውስጥ ያለችው መዘውር ላይ የተጠመጠመው እንደ ክር ጠብቋል፤ በችኮላ የሚፈታ አይደለም። ዝናቡ ደግሞ አላቆመም።

ላቀው የእርዳታ ዘይት የመጣበትን ጣሳ ከረጅም እንጨት ጫፍ ጋር አሰረ። ሸራውን ሳይረግጥ ዳር ቆሞ ውሃውን እየጨለፈ ወደ ቦዩ ይደፋ ጀመር።

ንጉሡ ገና ሳሉ፣ ላቀው እግሩ ተሰብሮ ተኝቶ ሳለ፣ ያርጋል በሬዎቹን ጠምዶ ቀኑን ሙሉ አርሶለት ነበር። ወንፈል ነበር። ወንፈል የሚመለሰው በሥራ ነው። የላቀው እግር ሲጠገን ግን የያርጋል በሬዎች በበሽታ አልቀዋል፤ እሱም ማሳውን ጥሎ የቀን ሥራ ፍለጋ ዳባት ወርዷል። ላቀው ገብስ ላከለት። ያርጋል ገብሱን መለሰ። «ያዋስኩህ ቀን ነው» አለ። ማሳ ለሌለው ሰው ቀኑን በምን ይመልሱለታል? ከዚያ ወዲህ ላቀው ገበያ ላይ ያርጋልን ከሩቅ ካየው መንገድ ይቀይር ነበር።

ቀትር አለፈ። ላቀው እንጨቱን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ።

«እረፍ እንጂ» አለው ያርጋል።

«አንተ ጠጉርህን ልቀም።»

በዚህ መሐል ከላይ በኩል አንድ ድንጋይ ተንከባለለ። የሸራው ጠርዝ ወደ ገንዳው ሸሸ። ላቀው እንጨቱን ጥሎ በደረቱ ጠርዙ ላይ ወደቀና በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘው። ጎርፉ በአንገቱ ገብቶ በጀርባው ወረደ።

«ድንጋይ! ድንጋይ አምጣ!»

ያርጋል ድንጋዩን አንዱን ባንዱ ላይ እያንከባለለ ከመረ። ሸራው ቆመ። ላቀው ጭቃ ለብሶ ተነሣና ጣሳውን ፈልጎ ወደ መጨለፉ ተመለሰ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ያርጋል የመጨረሻውን ጠጉር መዝዞ መዘውሯን በጣቱ አዞራት። ዞረች። ፓምፗን በገመዷ ወደ ሸራው መሐል አንሸራተታት፤ የታጠፈውን ቧንቧ አቃና።

«ጣሳህን አውጣ። ዞር በል፤ ከእንግዲህ እጅህ ውሃ እንዳይነካ።»

እጁን አድርቆ ሶኬቱን ሰካ። ጄኔሬተሩን አስነሣ። ፓምፗ ዝም አለች። ከዚያ እንደ ንብ መጮኽ ጀመረች፤ ቧንቧው ተንፈራገጠና ድፍርሱን ውሃ ወደ ቦዩ ተፋው። ሸራው ቀስ እያለ ሽቅብ ተነሣ።

ደብሪቱ ባልዲዋን ይዛ መጣች። ያርጋል ከገንዳው በታች በኩል የተተከለውን የመጠጥ ውሃ ቧንቧ ከፍቶ በመዳፉ ተቀበለና አየው። ጥርት ያለ ነው። «ቅጂ» አላት።

ላቀው ወደ ጥሩዬ ሊሄድ ሲነሣ ያርጋል ጠራው።

«ወዴት ነው? ወንፈል የዋለልኝን ሰው ሳላበላ ሰድጄ አውቃለሁ?»

ከጉያው ትንሽ ቋጠሮ አውጥቶ ፈታ። የዕለት ድርሻው የስንዴ ቆሎ ነበር። ለራሱ ሳያስቀር አፈሰሰለት። ላቀው በሁለት እጁ ተቀበለ። ቆሎው የያርጋልን ደረት ሙቀት ገና አልለቀቀም ነበር።