በሴት የሚያልቅ ስም

«መጨረሻው የሴት ነው» አለ ባሏ፣ ገርበብ ካለው በር ማዶ። መቀሱ እጇ ላይ ቀጥ አለ።

ባሏና አዲሷ ተመራማሪ አንድ ኮምፒውተር ፊት ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ተቀምጠዋል። እሷ ከወዲህ ጓንቷን አጥልቃ የታረደች ዶሮ ሆድ ትከፍታለች። ከዶሮ አንጀት ያገኟት ባክቴሪያ ከሚታወቁት ዝርያዎች ጋር ስትነጻጸር ከርማ፣ ዛሬ ጠዋት ከአንዳቸውም ጋር እንደማትገጥም ተረጋገጠ። አዲስ ዝርያ ናት። የቀራት ስም ብቻ ነው፤ ስም አውጪው ደግሞ ባሏ ነው።

ስሙ በላቲን ነው የሚወጣው። በራስ ስም መሰየም በሙያው ነውር ነው፤ በሚወዱት ሰው ስም ግን ያምራል። ለወንድ ከሆነ መጨረሻው «ኢ»፣ ለሴት ከሆነ «ኤ»። ይህን አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የተማሩት፤ ባሏ ትከሻውን ለሌላ ሰው ማዋስ ከመጀመሩ በፊት።

የሴት። ከዚህች ልጅ ሌላ ደግሞ ማን ሴት አለ? ሽቶዋ የላቦራቶሪውን አልኮል አልፎ የሚሸት፣ እሷን «እትዬ» እያለች በአንድ ቃል የምታስረጅ። አንጀቷ አረረ። የራሷ ማለት ነው፤ የዶሮዋማ ከፍሪጅ ገና መውጣቱ ነው። ሳታስበው መቀሱን ጨመቀችው፤ ሐሞቱ ፈነዳና አረንጓዴው ፈሳሽ ናሙናው ላይ ተንጣለለ። በተማሪነቷ እንኳን ሐሞት አፍስሳ አታውቅም።

«ከሷ ሌላ ለማን ይገባል?» አለ ባሏ። «ያለሷ የት እንደርስ ነበር?»

«እውነትዎን ነው፣ ዶክተር» አለች ልጅቷ። «ያቺ ምስኪን፣ ማንም አመስግኗት አያውቅም እኮ።»

ያቺ። እንግዲያው ልጅቷ አይደለችም። ያለሷ የትም የማይደረስ፣ ማንም ያላመሰገናት ሴት እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ናት። ፊቷ ጋለ። በሆዷ ስትረግማቸው የቆየችውን ሁሉ መልሳ ዋጠችው። ልጅቷም እኮ ክፉ አይደለችም፤ ሽቶዋም ቢሆን ደህና ነው። ጓንቷን ሳታወልቅ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው ወደ በሩ ሄደች።

«ማን ናት እሷ?» አለች። ፈገግታዋን መደበቅ አቅቷት ነበር።

ባሏ ዞር አለ። «ዶሮዋ ናታ። ላቲኑ ሴት አድርጓታል፤ ‹ጋሊኔ›፣ የዶሮዋ ማለት። እንዴት ነው?»

«ያምራል አይደል፣ እትዬ?» አለች ልጅቷ።

«በጣም ያምራል።»

ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። በልጅቷ ስትቀና ቢያንስ የምትቀናው በሰው ነበር። ባሏ ስም ሲፈልግ ሐሳቡ ለአፍታ እንኳን ወደሷ አልዞረም፤ ዞሮ ቢሆን ኖሮ ሲያያት ፊቱ ላይ ታገኘው ነበር።

ዶሮዋ ሆዷ ተከፍቶ፣ እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ፣ ሐሞት ለብሳ ተጋድማለች። መቀሱን አነሳችና ጎንበስ አለች።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለቻት።